ፊልሙ 65፣ ተዋናዩ ኦስካር፦ ጨፍጋጋ ድራማዎች የሚሰጣቸው ነጥብ ምን ይነግረናል?

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በጣልያኗ ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ «ዘ ዌል» የተሰኘው ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ታይቶ ሲያበቃ፣ ታዳሚው ከመቀመጫው ተነሥቶ ለ6 ደቂቃ ያህል አጨበጨበ። ዋናው ተዋናይ ብሬንደን ፍሬዘር እንባውን መቆጣጠር ሲያቅተው የሚያሳየው አጭር ቪዲዮ ወዲያው በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። ከስድስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 12 ቀን 2023፣ ፍሬዘር የምርጥ ተዋናይነት ኦስካርን ተቀበለ። ይህን ብቻ የሰማ ሰው ፊልሙ በአንድ ድምፅ የተወደሰ ቢመስለው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የሃያሲያንን አስተያየት አሰባስቦ በሚያቀርበው በሮተን ቶማቶስ ላይ የፊልሙ ነጥብ 65 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ በዚያው ገጽ ላይ ተራ ተመልካቾች የሰጡት ነጥብ ደግሞ 90 በመቶ ገደማ ነው።

አድናቂዎች እስከ ዛሬ የሚከራከሩት በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ነው። አንዱ «ሃያሲያን አልገባቸውም» ይላል፤ ሌላው «ሽልማቱ ለተዋናዩ ኑሮ እንጂ ለፊልሙ አይደለም» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «65 ያገኘ ፊልም ላይ ሁለት ሰዓት አላጠፋም» ብሎ ይሄዳል። ሦስቱም የሚነሡት ቁጥሮቹ ምን እንደሚለኩ አንድ ነገር ገምተው ነው፤ ግምቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?

ቻርሊ በአሜሪካዋ አይዳሆ ግዛት በአንድ ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ብቻውን የሚኖር የድርሰት መምህር ነው። ክብደቱ 270 ኪሎ ገደማ ደርሷል። ተማሪዎቹን በኢንተርኔት ሲያስተምር «ካሜራዬ ተበላሽቷል» እያለ ፊቱን ይደብቃል። የሚወደውን ሰው በሞት ካጣ በኋላ ሐዘኑን በምግብ ሲቀብር ኖሮ፣ ልቡ ሊከዳው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ለዓመታት ያላያትን ልጁን ለመታረቅ ይሞክራል። ፊልሙ ከሞላ ጎደል ከዚያ ቤት አይወጣም። የምስሉ ቅርጽ ራሱ እንደ ድሮው ቴሌቪዥን ጎኑ የጠበበ ነው፤ ተመልካቹም ከቻርሊ ጋር የተዘጋበት ያህል እንዲሰማው ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል።

«ጨፍጋጋ ድራማ» ስል ይህን ዓይነቱን ማለቴ ነው፦ ሐዘንን፣ ሱስን፣ በሽታን ወይም ጸጸትን ይዞ የሚነሣ፣ ተመልካቹን ለማዝናናት ብዙም የማይጨነቅ፣ ሸክሙንም በአንድ ወይም በሁለት ተዋናዮች ትከሻ ላይ የሚጥል ፊልም። የ«ዘ ዌል» ዳይሬክተር ዳረን አሮኖፍስኪ በዚህ መስክ የታወቀ ነው። በ2000 በሠራው የሱስ ታሪክ ኤለን በርስቲን ለኦስካር ታጭታለች፤ በ2008 በ«ዘ ሬስለር» ሚኪ ሩርክ ታጭቷል፤ በ2010 በ«ብላክ ስዋን» ናታሊ ፖርትማን አሸንፋለች። ተዋናዮች በእርሱ ፊልም ውስጥ ይጎዳሉ፣ ይሸለማሉም።

65 በመቶ ማለት ከ100 ውስጥ 65 ማለት ነው?

አይደለም። አብዛኛው ክርክር የሚነሣው ይህ ስላልተለየ ነው።

ሮተን ቶማቶስ በ1998 በካሊፎርኒያ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የተጀመረ ድረ ገጽ ነው። ስሙ «የበሰበሱ ቲማቲሞች» ማለት ሲሆን፣ ያልተወደደ የመድረክ ተጫዋች ቲማቲም ይወረወርበት የነበረበትን የጥንት ልማድ ያስታውሳል። ድረ ገጹ ራሱ ፊልም አይገመግምም። በጋዜጦች፣ በመጽሔቶችና በሌሎች መገናኛ ብዙኃን የወጡ ሂሶችን ይሰበስብና እያንዳንዱን በሁለት ረድፍ ብቻ ይከፍላል፦ በጥቅሉ ፊልሙን የደገፈ እና ያልደገፈ። ከዚያም የደገፉት ከጠቅላላው ምን ያህል እንደሆኑ በመቶኛ ያስቀምጣል። 60 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይ ቲማቲም፣ ከዚያ ካነሰ የፈረጠ አረንጓዴ ቲማቲም ይታያል።

ይህን ለእኛ አገር አንባቢ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በደንብ ያስረዳዋል። አንድ ትምህርት ቤት «100 በመቶ አሳልፌያለሁ» ብሎ ማስታወቂያ ቢሰቅል፣ ተፈታኞቹ በሙሉ 51 አምጥተው ሊሆን ይችላል። ጎረቤቱ ያለው ትምህርት ቤት ያሳለፈው 70 በመቶውን ብቻ ሆኖ፣ ካለፉት ውስጥ ግን ብዙዎቹ ከ90 በላይ ያመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ተማሪ መሥመሩን እንደተሻገረ እንጂ ምን ያህል ርቆ እንደሄደ አይናገርም። የሮተን ቶማቶስ ቁጥር የማለፊያ መጠን ነው፤ አማካይ ውጤት አይደለም።

በቁጥር እናስቀምጠው። ለአንድ ቀላል ኮሜዲ አሥር ሃያሲያን እያንዳንዳቸው ከ10 ውስጥ 6 ሰጡት እንበል። ሁሉም «አይከፋም» ስላሉ ፊልሙ 100 በመቶ ያገኛል፤ አማካዩ ግን 6 ነው። ለአንድ ጨፍጋጋ ድራማ ደግሞ ሰባቱ 10 ሰጡት፣ ሦስቱ ግን ተቆጥተው 3 ሰጡት። የዚህ ፊልም አማካይ 7.9 ሆኖ ሳለ በገጹ ላይ የሚታየው 70 በመቶ ነው። በርካታ ሰዎች ልባቸው የተነካበት ፊልም ማንንም ሳያስቀይም ካለፈ ፊልም 30 ነጥብ ዝቅ ብሎ ታየ ማለት ነው።

ጨፍጋጋ ድራማዎች ለዚህ ዓይነቱ አቆጣጠር በተለይ የተጋለጡ ናቸው። ተመልካቹን ሊያስለቅስ የተነሣ ፊልም ካልተሳካለት ያናድዳል፤ «ስሜቴን መነተፈኝ» ያሰኛል። ቀልዱ ያልሠመረ ኮሜዲ ግን ቢበዛ ያሰለቻል። ስለዚህ ለጨፍጋጋ ፊልም የሚሰጡት አስተያየቶች ወደ ሁለቱ ጫፎች ይሸሻሉ፤ መካከለኛው ቦታ ባዶ ይቀራል። ድረ ገጹ ከ10 የሚሰላ አማካይ ነጥብም አለው፤ «ዘ ዌል» እዚያ ላይ ያገኘው ከ6 ተኩል ብዙም የራቀ አይደለም። ነገር ግን ያ ቁጥር በትልቁ ስላልተጻፈ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው።

ሌሎቹ መለኪያዎችስ?

ሜታክሪቲክ የተባለው ሌላ ድረ ገጽ የጎደለውን የሚሞላ ይመስላል፤ የእያንዳንዱን ሂስ ግምት ወደ 100 ይለውጥና አማካዩን ያወጣል፤ ለአንዳንድ የኅትመት ተቋማት ከሌሎቹ የበለጠ ክብደት ይሰጣል፤ ለማን ምን ያህል እንደሚሰጥ ግን አይገልጽም። «ዘ ዌል» እዚያ ያገኘው 60 አካባቢ ነው። ይህም በድረ ገጹ ቋንቋ «የተደበላለቀ» የሚባለው ደረጃ ነው። እዚህም ቢሆን አማካይ የራሱን ነገር ይደብቃል፦ 60 ማለት ሁሉም 60 ሰጡት ማለት ሊሆን ይችላል፣ ግማሹ 90 ግማሹ 30 ሰጠው ማለትም ሊሆን ይችላል።

ይበልጥ የሚገርመው ሦስተኛው ነው፤ ሲኒማስኮር ይባላል። መሥራቹ ኤድ ሚንትዝ በ1978 ተወድሶለት የገባበት ኮሜዲ አላስቅ ብሎት ሲወጣ፣ ከሃያሲያን ይልቅ ቲኬት የቆረጠውን ሰው መጠየቅ ይሻላል የሚል ሐሳብ እንደመጣለት ይነገራል። የድርጅቱ ሠራተኞች ፊልሙ በተከፈተበት ምሽት በሲኒማ በር ላይ ቆመው ለተመልካቹ ትንሽ ካርድ ይሰጣሉ። መልሱ እንደ አሜሪካ ትምህርት ቤት ከ«ኤ ፕላስ» እስከ «ኤፍ» ባለው ደረጃ ይወጣል።

አሮኖፍስኪ በዚህ መለኪያ ክፉኛ ተመትቷል። በ2017 ጄኒፈር ሎውረንስና ሀቪየር ባርደም የተወኑበት «ማዘር!» የተባለው ፊልሙ ሃያሲያኑን ከፋፍሎም ቢሆን ቀይ ቲማቲም አግኝቷል፤ በሲኒማስኮር ግን «ኤፍ» ወጣለት። በድርጅቱ የብዙ ዓመታት ታሪክ ውስጥ ይህን ደረጃ ያገኙ ፊልሞች ጥቂት ደርዘን አይሞሉም። ታዲያ ከመጥፎ ፊልሞች ሁሉ የከፋ ነበር? አልመሰለኝም። በማስታወቂያው የሚያስደነግጥ ሆረር ይመስል ስለነበር፣ ዓርብ ማታ የመጣው ሰው ለመደንገጥ ተዘጋጅቶ ገባ፤ ያገኘው ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ የተቀዳ፣ ጭካኔ የሞላበት ምሳሌያዊ ታሪክ ነበር። ሰርግ ነው ተብሎ ተጠርቶ ልቅሶ ቤት የደረሰ ሰው ስለ ምግቡ ጣዕም ቢጠየቅ ምን ይመልሳል? ሲኒማስኮር በዋናነት የሚለካው የተገባው ቃልና የቀረበው ነገር ምን ያህል እንደተቀራረቡ ነው። ለጨፍጋጋ ድራማ ይህ ትልቅ ፈተና ነው፤ ምክንያቱም «ኑና እዘኑ» ብሎ በግልጽ የሚያስተዋውቅ የፊልም ድርጅት የለም።

ተመልካቹና ሃያሲው ለምን ይህን ያህል ተራራቁ?

በ90 እና በ65 መካከል ያለውን ልዩነት አድናቂዎች እንደ ጠብ ያዩታል። ጠብ ከማለት በፊት ግን የተጠየቁት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ማየት ያስፈልጋል።

ሃያሲ የተላከበትን ፊልም ሁሉ ያያል፤ ወደደም ጠላም ሥራው ነው። ተመልካች ግን መርጦ ይገባል። «ዘ ዌል» በታኅሣሥ 2022 አሜሪካ ውስጥ ሲከፈት በጣት በሚቆጠሩ አዳራሾች ብቻ ነበር የታየው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተሰልፎ የገባው ሰው ፍሬዘርን ለማየት የጓጓ፣ ፊልሙ አሳዛኝ መሆኑን ቀድሞ ያወቀ ሰው ነው። ሮተን ቶማቶስ ደግሞ ከ2019 ወዲህ በተመልካቾች ነጥብ ላይ ትኬት መግዛታቸው ለተረጋገጠ ሰዎች ቅድሚያ ይሰጣል፤ ይህንንም ያደረገው ፊልም ሳያዩ ተባብረው ነጥብ የሚያወርዱ ሰዎች ስለበዙ ነው። እርምጃው ተገቢ ነበር፤ ግን የራሱ ውጤት አለው። ቁርጥ ቤት ገብቶ የተቀመጠን ሰው «ጥሬ ሥጋ ትወዳለህ ወይ?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። የማይወደው ሰው ከመጀመሪያውም በዚያ በር አልገባም።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይሆን በዚያው ዓመት፣ በዚያው የቬኒስ ፌስቲቫል የታየውን ሌላ ጨፍጋጋ ፊልም ማስተያየት ይቻላል። በማሪሊን ሞንሮ ሕይወት ላይ የተመሠረተ ልብ ወለድን ወደ ፊልም የለወጠው «ብሎንድ» በመስከረም 2022 መጨረሻ የተለቀቀው በኔትፍሊክስ ነበር። ለዚህ ትኬት መቁረጥ፣ መንገድ መሄድ፣ አስቦ መወሰን አያስፈልግም፤ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ስለ ታዋቂዋ ተዋናይት ደስ የሚል ታሪክ ጠብቆ ከፍቶ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሥቃይ የገጠመው ሰው ብዙ ነው። ፊልሙ ከሃያሲያን ያገኘው ነጥብ 42 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ የተመልካቾቹ ነጥብ ከዚያም ዝቅ ያለ ነበር። እዚህ ላይ ተመልካቹ ከሃያሲው የበለጠ ጨካኝ ሆኖ ተገኘ።

ሃያሲያን አሳዛኝ ፊልም አይወዱም የሚለውን ደግሞ በ2016 የወጣው «ማንቸስተር ባይ ዘ ሲ» ያፈርሰዋል። በገዛ ስሕተቱ የደረሰበትን ከባድ ሐዘን መሸከም ያቃተው ሰው ታሪክ ነው፤ ከእርሱ የጨፈገገ ፊልም ማግኘት ያስቸግራል። ሃያሲያኑ 96 በመቶ ሰጡት፤ ኬሲ አፍሌክ የምርጥ ተዋናይነትን፣ ጸሐፊውና ዳይሬክተሩ ኬኔት ሎነርጋን የምርጥ ድርሰትን ኦስካር ወሰዱ። የተመልካቾቹ ነጥብ ግን ከዚያ ወደ 20 በሚጠጋ ነጥብ ያንሳል።

ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የሚታየኝ ልዩነት ከእንባ ጋር የተያያዘ ነው። «ማንቸስተር ባይ ዘ ሲ» እንባን ያምቃል፤ ሰውየው አይድንም፣ አይታረቅም፣ እንደተሰበረ ይቀራል። ሃያሲ ይህን መቆጠብ ያከብራል፤ በዓመት መቶዎች ፊልም ስለሚያይ በሙዚቃና በንግግር ሊያስለቅሰው የሚሞክረውን ዘዴ ሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋል። ለልቅሶ ሄዶ እንባው ያልወጣለት ሰው ግን ደረቱ እንደከበደው ይመለሳል። «ዘ ዌል» እስከ መጨረሻው አስጨንቆ በመጨረሻ ያስለቅሳል። ለብዙ ተመልካች ይህ እፎይታ ነው፤ ለብዙ ሃያሲ ደግሞ ይኸው ነገር ጉድለት ነው። ሁለቱም ያዩት አንድ ነገር ነው።

ፊልሙን ያልወደደ ሃያሲ ተዋናዩን እንዴት ያሞግሳል?

በቀብር ላይ ሙሾ አውራጇ ያስለቀሰችውን ሰው አስቡ። ድንኳኑ ጠብቦ፣ መርሐ ግብሩ ተዘበራርቆ፣ ንግግሩ ረዝሞ ሊሆን ይችላል፤ እርሷ ግን ድምፅዋን ስታነሣ የሟችን ስም የማያውቀው መንገደኛ እንኳ ቆሞ ያለቅሳል። ስለ እርሷ የሚነገረው ምስጋና ለድንኳኑ አይተላለፍም።

ትወናና ፊልም እንዲሁ ይለያያሉ። ፊልም የብዙ ውሳኔዎች ድምር ነው፦ ድርሰቱ፣ የካሜራው ቦታ፣ ቅንብሩ፣ ሙዚቃው፣ ታሪኩን ለመንገር የተመረጠው አመለካከት። ተዋናይ ከእነዚህ አብዛኛዎቹን አይወስንም። ስለ «ዘ ዌል» ከተጻፉት ከ300 በላይ ሂሶች ውስጥ ፊልሙን የነቀፉት እንኳ ፍሬዘርን ብዙ ጊዜ አሞግሰዋል፤ የአሜሪካና የካናዳ ሃያሲያን በሚሰጡት የክሪቲክስ ቾይስ ሽልማት በጥር 2023 ምርጥ ተዋናይ የተባለውም እርሱ ነው። «ሃያሲያን ፍሬዘርን በደሉት» የሚለው የአድናቂዎች ቅሬታ ይህን ይዘነጋል።

የ«ብሎንድ» ጉዳይ ከዚህም ይጠነክራል። የዓመቱን መጥፎ ፊልሞች የሚያፌዘው የራዚ ሽልማት መጋቢት 11 ቀን 2023 ፊልሙን የዓመቱ መጥፎ ፊልም፣ ድርሰቱንም የዓመቱ መጥፎ ድርሰት ብሎ ሰየመ። በማግስቱ ምሽት የፊልሙ ዋና ተዋናይት አና ደ አርማስ በኦስካር አዳራሽ ውስጥ ለምርጥ ተዋናይትነት ከታጩት አምስት ሴቶች አንዷ ሆና ተቀምጣ ነበር። አላሸነፈችም፤ ሽልማቱን ሚሼል ዮ ወሰደች። ግን በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ሥራ ከታች አንደኛ እና ከላይ አምስት ውስጥ የገባበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም፤ ተቃርኖም የለበትም፣ ሁለቱ ሽልማቶች የጠየቁት ጥያቄ የተለያየ ነበርና።

ይህ ማለት ግን መለየቱ ሁልጊዜ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ጨፍጋጋ ድራማ ለተዋናይ ብዙ የሚታይ ሥራ ይሰጣል፤ ማልቀስ፣ መታመም፣ መለወጥ፣ መሞት። በደንብ የሚታይ ትወናና ጥሩ ትወና አንድ ናቸው ወይ? ፍሬዘር በየቀኑ ለሰዓታት ሰው ሠራሽ አካል እየለበሰ መሥራቱ ከፊልሙ በፊት ዜና ሆኖ ነበር። እኔ በፊልሙ ውስጥ የደነቀኝ ያ አካል ሳይሆን ዓይኑ ነው፤ ልጁ ስትሰድበው እንኳ በውስጧ የሆነ መልካም ነገር ያየ ሰው ዓይን። ነርሷን ሊዝን የተጫወተችው ሆንግ ቻው ደግሞ ምንም ዓይነት ሰው ሠራሽ ነገር ሳትለብስ፣ ቁጣና ፍቅርን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እያሳየች ለኦስካር መታጨቷ ሊታወስ ይገባል፤ በአድናቂዎች ክርክር ውስጥ ስሟ እምብዛም አይነሣም።

ኦስካርን የሚሰጠው ማን ነው? ለተዋናዩ ኑሮስ ነበር?

በትወና ዘርፍ እጩዎችን የሚመርጡት ኦስካርን የሚሰጠው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ተዋናይ አባላት ናቸው፤ ከእጩዎቹ አሸናፊውን ግን ከ9,000 በላይ የሚሆኑት ድምፅ ሰጪ አባላት ሁሉ ይመርጣሉ። ሃያሲ በሃያሲነቱ ድምፅ የለውም። በየካቲት 2023 የተዋናዮች ማኅበር ሽልማትንም ፍሬዘር ማግኘቱ የሙያ ጓደኞቹ ሚዛን ወዴት እንዳደላ አስቀድሞ አሳይቷል።

ከጀርባው ያለው ታሪክ ድምፅ ሰጪውን አልነካውም ብሎ መከራከር ግን አይቻልም። ፍሬዘር በ1990ዎቹ መጨረሻ «ዘ ማሚ»ን በመሳሰሉ የጀብዱ ፊልሞች በዓለም የታወቀ ሲሆን፣ በአገራችን የቪዲዮ ቤቶችን ዘመን የሚያስታውስ አንባቢም ፊቱን አይስተውም። በእነዚያ ፊልሞች የደረሰበት ጉዳት ለተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ዳርጎት ለዓመታት ከታላላቅ ሥራዎች ርቆ ነበር። ሲመለስ አድናቂዎቹ ከስሙ ጋር አጣምረው «ብሬናይሳንስ» የሚል ቃል ፈጠሩለት፤ በአማርኛ «የብሬንደን ትንሣኤ» ብንለው ያስኬዳል። አሮኖፍስኪም ለዚህ ገጸ ባሕርይ የሚሆን ሰው ለአሥር ዓመት ያህል ሲፈልግ ቆይቶ በአንድ ያረጀ የፊልም ማስታወቂያ ላይ ፍሬዘርን አይቶ እንደመረጠው ተናግሯል። «ዘ ዌል» ለምርጥ ፊልም አልታጨም፤ ፊልሙ ለዚያ ዘርፍ ሳይታጭ በዋና ተዋናይነት ያሸነፈ ወንድ ከፍሬዘር በፊት የተገኘው በ2010 ሥነ ሥርዓት ላይ ጄፍ ብሪጅስ ነበር። ስለዚህ «ለተዋናዩ እንጂ ለፊልሙ አይደለም» የሚለው አባባል ከፊሉ እውነት ነው፤ ትወናው ደካማ ነበር ወደሚል ድምዳሜ ግን አያደርስም።

የፌስቲቫል ጭብጨባስ ምን ያህል ይታመናል?

ብዙም አይታመንም። በቬኒስም ሆነ በካን የመጀመሪያው ማሳያ ላይ ዳይሬክተሩና ተዋናዮቹ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ካሜራ ፊታቸው ላይ ተደቅኗል፤ እንግዳ ሆኖ ሄዶ ባለቤቱ ፊት ምግቡን የሚያጣጥል ሰው የለም። ጋዜጠኞች ግን ሰዓት ይዘው ይቆጥራሉ። «ብሎንድ» በቬኒስ የተጨበጨበለት ለ14 ደቂቃ ያህል እንደነበር ተዘግቧል፤ ከ«ዘ ዌል» እጥፍ በላይ ማለት ነው። የኋላ ኋላ ያገኙትን ነጥብ ከላይ አይተናል።

የዳኞች ውሳኔ ከጭብጨባ የተሻለ ክብደት አለው፤ እርሱም ቢሆን የራሱ ደንብ አለው። በ2008 ቬኒስ ላይ ወርቃማውን አንበሳ የወሰደው የአሮኖፍስኪ «ዘ ሬስለር» ነበር። ሚኪ ሩርክ ግን የትወና ሽልማቱን አላገኘም፤ ዋናውን ሽልማት ያገኘ ፊልም የትወናውን አይደርብም የሚል ደንብ ስለነበር ነው። የዳኞቹ ሰብሳቢ ቪም ቬንደርስ ደንቡ እንዳሳዘነው በይፋ ተናግሯል። በዚያው ዓመት የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን ይዞ የተመለሰው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። «ጤዛ»ም ከጨፍጋጋ ድራማ የሚመደብ ሥራ ነው፦ ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰ ምሁር፣ የደርግ ዘመን ግፍ፣ የተሰበረ አካልና የተሰበረ ትዝታ። ዋናውን ገጸ ባሕርይ አንበርብርን የተጫወተው አሮን አረፈ ነው። ከቬኒስ ዳኞች ፊት አንድ ዓመት ላይ የቀረቡት እነዚህ ሁለት ፊልሞች በዛሬው ልማድ ወደ አንድ ቁጥር ቢጠቀለሉ ስለ የትኛቸውም የሚነግረን ነገር አይኖርም።

ታዲያ በ«ዘ ዌል» ላይ ሃያሲያኑን የከፋፈላቸው ምን ነበር?

ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ክርክር ከቁጥሩ ይልቅ ይጠቅማል። ነቃፊዎቹ ያነሡት ዋናው ነገር ካሜራው ወፍራም አካልን የሚያይበት ዓይን ነው። ቻርሊ ሲበላ ሙዚቃው እንደ ሆረር ፊልም ይከብዳል፤ አካሉ የሚያስፈራ ነገር ተደርጎ ይቀርባል፤ ለሐዘኔታ ሲባል የቀረበው ነገር ለመጸየፍ ይጋብዛል የሚል ነው። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሮክሳን ጌይ ይህን አቋም በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ አጥብቃ ጽፋለች። ተዋናዩ ቀጭን ባይሆንም እንኳ ያን ያህል ክብደት የሌለው ሰው ሰው ሠራሽ አካል ለብሶ መጫወቱም ተነቅፏል።

ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ድርሰቱን የጻፈው ሳሙኤል ዲ. ሃንተር ራሱ ከክብደት ጋር የታገለ፣ ራሱም ድርሰት ያስተማረ ሰው መሆኑን፣ ታሪኩም በመጀመሪያ ቴያትር ሆኖ የቀረበ የግል ሥራ እንደነበር ያስታውሳሉ። አዘጋጆቹ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸውን ሰዎች መብት ከሚያስጠብቅ ድርጅት ጋር ተማክረው መሥራታቸውም ይጠቀሳል። በርዕሱ ላይ እንኳ አይስማሙም። «ዌል» ማለት ዓሣ ነባሪ ነው፤ ለአንዱ ወገን ቻርሊን የሚሰድብ ስም ነው። ለሌላው ወገን ዓሣ ነባሪው ቻርሊ ሳይሆን፣ የቻርሊ ልጅ በልጅነቷ «ሞቢ ዲክ» ስለተባለው ልብ ወለድ የጻፈችው፣ እርሱም ልቡ በደከመ ቁጥር እንደ ጸሎት የሚደግመው አጭር ድርሰት ነው።

ፊልሙን ያላየ አንባቢ ቀጣዩን አንቀጽ ሊዘልለው ይችላል፤ መጨረሻውን ይገልጣልና።

በመጨረሻው ትዕይንት ልጁ ኤሊ በሩ ላይ ቆማ ያንን ድርሰት ታነብባለች፤ ብርሃን በበሩ ይገባል። ቻርሊ ያለ ድጋፍ ይነሣና በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ እርምጃ፣ ከዚያም ሌላ እርምጃ ወደ እርሷ ይራመዳል። እግሮቹ ከወለሉ ይነሣሉ፤ ማያው ነጭ ይሆናል። ፊልሙን የወደደ ሰው እንዲወደው ያደረገው ይህ ነው፤ የጠላውም እንዲጠላ ያደረገው ይኸው ነው። ሁለት ሂሶችን ብቻ የማንበብ ጊዜ ያለው ሰው አንዱን ከደጋፊ አንዱን ከነቃፊ መርጦ ስለነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች የጻፉትን ቢያነጻጽር፣ እርሱ ራሱ በሩ ጋ ቢሆን ማንን እንደሚመስል ፊልሙን ሳያይም መገመት ይችላል።